ጠመኔ ካለ ኮዲንግ አለ

ሰኔ ሳያልቅ በአንድ ነገር እንስማማ። ትምህርት ቤቶች ሊዘጉ ነው። ልጆቻችን ከሁለት ወር በላይ ቤት ሊውሉ ነው። ገሚሱ ጭቃ ላይ ኳስ ሲያባርር፣ ገሚሱ ቄስ ትምህርት ቤት ወይም ቁርኣን ቤት ሲመላለስ፣ ገሚሱ በእናቱ ስልክ ላይ ተደፍቶ ቲክቶክ ሲያገላብጥ ክረምቱ ይነጉዳል። ከዚህ ክረምት ላይ ቅዳሜ ጠዋቶቹን እንውሰድ። በየሰፈራችን ባለው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአራተኛ፣ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆችን ሰብስበን ኮዲንግና ሮቦቲክስ እናስጀምራቸው። ኮምፒውተር እስኪገዛ፣ በጀት እስኪለቀቅ፣ መመሪያ እስኪወርድ አንጠብቅ። እስካሁን የጠበቅነው ይበቃል።

የአዲስ አበባን የግል ትምህርት ቤቶች ማስታወቂያ ያየ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ባነሩ ላይ ነጭ ሮቦት፣ ከጎኑ የሚስቅ ልጅ፣ ከሥሩ «ኮዲንግና ሮቦቲክስ ከኬጂ ጀምሮ»። አንዳንዱ ከልቡ ያስተምራል። አንዳንዱ ደግሞ አንዲት ሮቦት ገዝቶ ለወላጆች በዓል ብቻ ከካርቶኗ ያወጣታል። ይሁን፤ እነሱን መውቀስ የዛሬ ጉዳዬ አይደለም። የሚያንገበግበኝ ያንን ባነር እያየ በእግሩ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ነው። እሱም እኮ ሽቦ ጠምዝዞ፣ ቆርኪ ጎማ አድርጎ መኪና ሠርቶ ያውቃል። መሪ ያለው መኪና!

ቤተልሔም ደሴን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ሐረር የተወለደችው ይህቺ ልጅ ከኮምፒውተር ጋር ገና በልጅነቷ የተዋወቀችው አባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ስለነበራቸው ነው። ዘጠኝ ዓመት በሞላት ቀን ለልደቷ ገንዘብ ጠይቃ ስታጣ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ቪዲዮ እያቀናበረች፣ ለደንበኞች ስልክ ሙዚቃ እየጫነች ሠርታ አገኘችው። ኋላም አዲስ አበባ በሚገኘው አይኮግ ላብስ ልጆችን ኮዲንግ የሚያስተምረውን «ኤኒዋን ካን ኮድ» የተባለ ፕሮግራም መራች። አይኮግ የሶፊያን ሶፍትዌር በመሥራት የተሳተፈ የአገራችን ድርጅት ነው፤ ሶፊያ በ2010 ዓ.ም አዲስ አበባ ስትመጣ ጉድ ብለን ያየናት ሮቦት ናት። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። ግን ነገሩን ገልብጠን እንየው፦ አባቷ ሱቅ ባይኖራቸውስ ኖሮ? የአባት ሱቅ ዕድል ነው። የቀበሌው ትምህርት ቤት ግን የዕድል ጉዳይ መሆን የለበትም።

መንግሥት ምንም አላደረገም አልልም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና ተጀምሯል። ስልጠናው በነፃና በኦንላይን የሚሰጥ ነው፤ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ፣ ዳታ ሳይንስና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አለው። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ያለው ወጣት ዛሬውኑ ይመዝገብ። የአሥር ዓመት ልጅ ግን በዚያ በር አይገባም። ስቴምፓወር በተባለው ድርጅት ድጋፍ በየዩኒቨርሲቲው የተከፈቱት የስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ማዕከላትም የሚመሰገን ሥራ ይሠራሉ፤ ነገር ግን ማዕከሉ ያለው ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ ነው፣ ልጁ ያለው ደግሞ ሰፈሩ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ለአንደኛና ለሁለተኛ ደረጃ የኮዲንግ ሥርዓተ ትምህርት አጽድቃለች። እኛስ?

«ማንበብ ላልቻለ ልጅ ኮዲንግ ምን ይፈይድለታል?» የሚል መምህር አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሽሽት አይመለስም። የዓለም ባንክ እንደሚለው በኢትዮጵያ ከ10 ልጆች 9ኙ ገደማ በ10 ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አቅቷቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በ2016 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከንባብ ክፍለ ጊዜ ላይ ለኮዲንግ አንዲት ደቂቃ የሚቀንስ ሰው ከመጣ ከመምህሩ ጎን ቆሜ እከለክለዋለሁ። ቅዳሜ የምለውም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ኮዲንግ በልጁ ቋንቋ ሲሰጥ ራሱ ንባብ ነው። «አራት ጊዜ ድገም» የሚለውን «ሁለት ጊዜ ድገም» ብሎ ያነበበ ልጅ የሠራው ምስል ካሰበው ቦታ አይደርስለትም፤ ማንም ሳይቆጣው ተመልሶ ያነባል። አንድን ዓረፍተ ነገር በገዛ ፈቃዱ ሦስቴ ደጋግሞ የሚያነብ የአራተኛ ክፍል ልጅ ማየት የማይናፍቀው መምህር አለ?

አሁን ወደ ጠመኔው ልምጣ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ መብራት እንኳ አያስፈልገውም። ግቢው ውስጥ ገበጣ ይቆፈር። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉትን የገበጣ ዓይነቶች በዝርዝር መዝግበዋል፤ ስለዚህ ትክክለኛው አጨዋወት የቱ ነው ብላችሁ አትጣሉ፣ የሰፈራችሁን ውሰዱ። ልጆቹ ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ መምህሯ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብላ ትጽፋለች፦ «ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሩን በሙሉ አንሣ። በሚቀጥሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ ጣል። የመጨረሻው ጠጠር የወደቀበት ጉድጓድ ጠጠር ካለው፣ ሁሉንም አንሥተህ ቀጥል። ባዶ ከሆነ አቁም።» ከዚያ ሳይጫወት የቆየ፣ ገበጣ የማያውቅ አንድ ልጅ ትጠራለች። ይህ ልጅ ሮቦት ነው፤ የተጻፈውን ብቻ ይሠራል፣ ከራሱ አይጨምርም።

ጨዋታው የሚደምቀው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ጠጠሩን ያነሣና ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ወደ የት ልጣል?» ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ ማንም አልጻፈም። ክፍሉ በአንድ አፍ «ወደ ቀኝ!» ይላል። መምህሯ ግን እሱ ጩኸት አይሰማም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚሰማው ትላቸዋለች። አንዷ ተነሥታ ሰሌዳው ላይ ትጨምርበታለች። ጥቂት ይሄድና ሌላ ችግር ይመጣል፤ የራሱን ረድፍ ሲጨርስ ወደ ተጋጣሚው ረድፍ ይሻገር ወይስ ይመለስ? እንደገና ማረም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እነዚህ ልጆች ትእዛዝን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ፣ ድግግሞሽ፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ»፣ ስህተት ፈልጎ ማረም ምን እንደሆነ በእጃቸው አውቀውታል። የፕሮግራሚንግ እምብርቱ ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ትምህርት ብዙ ገንዘብ በወጣባቸው መተግበሪያዎች ውስጥም አላገኘሁም፤ ይህን ስል ገበጣ ስለምወድ አዳልቼ ሊሆን ይችላል።

በኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲው ቲም ቤልና ባልደረቦቹ ያለ ኮምፒውተር ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስተምሩ ጨዋታዎችን ካዘጋጁ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ በነፃ ይገኛሉ። እኛ ግን ከሩቅ ሳንሄድ ሰኞ ማክሰኞ አለን። ካሬዎቹን በጠመኔ አብዝታችሁ ሥሩ፣ አንዱ ላይ ድንጋይ አስቀምጡ፣ «ወደ ፊት አንድ፣ ወደ ቀኝ ዙር» እያሉ ልጆቹ ጓደኛቸውን በጽሑፍ ብቻ ወደ ድንጋዩ ያድርሱት። ሁለተኛው ቅዳሜ በዚህ ያልፋል።

ጠመኔ ላይ ሙጭጭ ያልኩት ኮምፒውተር ስለሌለን ብቻ አይደለም። ፕላዝማን የሚያስታውስ ያስታውስ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተተከለው ቴሌቪዥን በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ትምህርት ያንቆረቁር ነበር። መምህሩ መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት ሌላውን ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ ያያል። ያልገባው ተማሪ ለማን እጁን ያውጣ? ፕላዝማው «ይደገምልን» አይሰማም፤ መብራት ከሄደ ትምህርቱም ሄደ። ዕቃው ገባ፣ መምህሩ ወጣ። የሒሳብና የኮምፒውተር ሊቁ ሲይመር ፓፐርት ከሥራ ጓደኞቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 ለልጆች የሚሆነውን «ሎጎ» የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ሲያዘጋጅ የተከራከረው ተቃራኒውን ነበር፤ ማሽኑን የሚያዘው ልጁ ይሁን ነው ያለው። እኛም አሁን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ከልጁ አጠገብ መምህሩ እንዳለ ሆኖ።

ልጆቹ አይችሉም የሚል ካለ የወንጪን ታሪክ ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካዊው የቴክኖሎጂ ሰው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመሩት ፕሮጀክት ትምህርት ቤት ረግጠው ለማያውቁ የወንጪና የወለንጪቲ አካባቢ ልጆች ታብሌቶችን ያለ ምንም ማብራሪያ በታሸገ ሣጥን ትቶላቸው ሄደ። ኔግሮፖንቴ እንዳሉት አንዱ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው፤ ከወራት በኋላ ደግሞ ልጆቹ የተዘጋባቸውን ካሜራ አስከፍተው ተገኙ። ከውጭ መጥቶ የሚነገር እንዲህ ያለ ተረት መሰል ወሬ ሲያምር እኔ በጥቂቱ እጠራጠራለሁ። ቢሆንም የልጆቹን ንቃት አልጠራጠርም። የምጠራጠረው ልጅን ከሣጥን ጋር ትቶ መሄድን ነው።

ከሦስተኛው ቅዳሜ ጀምሮ ኮምፒውተር ይምጣ። ኮምፒውተር ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ችግሩ መቆለፉ ነው። አቧራ እንዳይገባው ጨርቅ ለብሶ፣ በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ ተንጠልጥሎበት ዓመት ያልፋል። የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ አትርገሙት፤ ዕቃው በስሙ ተመዝግቧል፣ ቢሰበር የሚጠየቀው እሱ ነው። መፍትሔው ንዴት ሳይሆን ቃለ ጉባኤ ነው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ተሰብስቦ «ለክረምቱ ሥልጠና ኮምፒውተሮቹ ይከፈቱ፤ ኃላፊነቱን በጋራ እንወስዳለን» ብሎ ይፈርም። አንድ ገጽ ወረቀት ያንን ቁልፍ ታወርዳለች።

የሚጫነው ስክራች ነው። የኤምአይቲው ሚቸል ሬዝኒክና ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የለቀቁት፣ ትእዛዞቹ እንደ ሌጎ እየተገጣጠሙ የሚሠሩበት ነፃ ፕሮግራም ነው። ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ አለ። ኮምፒውተሩ ላይ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ አንድ ሰው በፍላሽ ይዞ ቢመጣ ለሁሉም ይዳረሳል። ትርጉሙን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ የራሳችሁ ቋንቋ ከጎደለ ቁጭ ብላችሁ መተርጎም ትችላላችሁ፤ አፋን ኦሮሞ የሚናገር፣ ትግርኛ የሚናገር፣ ሶማልኛ የሚናገር ልጅ «ድገም»ን በእናቱ አፍ ማንበብ አለበት።

ሮቦቱስ? ሮቦቱ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አለ። ቆራሌው በበራችን እየጮኸ የሚያልፈው የሮቦት ክፍሎችን ተሸክሞ ነው። የተበላሸ የሕፃን መኪና ውስጥ ዲናሞ አለ፣ የሞተ የዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ ትናንሽ ሞተሮች አሉ፣ አሮጌ ሞባይል ውስጥ ስልኩን የምታንቀጠቅጠው የጣት ጥፍር የማታህል ሞተር አለች። ያቺን ሞተር በተቆረጠ የጥርስ ብሩሽ ጭንቅላት ላይ ለጥፉ፣ በሰዓት ባትሪ አገናኟት፤ ብሩሹ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ይሮጣል። ሠላሳ ልጅ ሠላሳ ብሩሽ ይዞ ውድድር ሲገጥም የሚነሣውን ጩኸት አስቡት። ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ የሰዓት ባትሪ በትናንሽ ልጆች እጅ እንዳይገባ፣ ቢውጡት ከባድ አደጋ ያመጣልና፤ ያበጠ የስልክ ባትሪና የቴሌቪዥን የኋላ ሆድ ደግሞ ፈጽሞ አይነካ።

ብሩሹ ግን ገና ሮቦት አይባልም፤ ይሮጣል እንጂ አያስተውልም። እንዲያስተውል ማይክሮቢት ያስፈልገዋል። ቢቢሲ ከአጋሮቹ ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ለአንድ ሚሊዮን ገደማ የብሪታኒያ ተማሪዎች በነፃ ያደለው የክብሪት ሣጥን የሚያህል ሰሌዳ ነው። 25 ጥቃቅን መብራት፣ ሁለት ቁልፍ አለው፣ ሲያዘነብሉት ያውቃል፣ ሙቀት ይለካል፣ በሁለት ትናንሽ የባትሪ ድንጋዮች ይሠራል። ውጭ አገር ዋጋው 20 ዶላር ገደማ ነው። አሁን ይህን ወደ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ውሰዱት። ጎመን መደቡ ላይ ሁለት ምስማር ትከሉ፣ በሽቦ ከማይክሮቢቱ ጋር አገናኙ። እርጥብ አፈር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ደረቅ አፈር እምብዛም። ልጆቹ «ቁጥሩ ከዚህ ካነሰ የጠብታ ቅርፅ አብራ» ብለው ይጽፋሉ። መሬቱ ሲደርቅ ጠብታዋ ትበራለች። ቁጥሩ ስንት ይሁን የሚለውን አፈር እያረጠቡና እያደረቁ ራሳቸው ይወስኑ፤ አትንገሯቸው። የገበሬ ልጅ ይህን ሲያይ ቀጥሎ የሚጠይቀውን አውቃለሁ፦ «ውሃውንስ ራሱ ቢከፍተው?» ያኔ ዲናሞውን አምጡለት።

እንግዲህ ሰው ያስፈልጋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ትመዘገባላችሁ፤ ችግኝ ትተክላላችሁ፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ታድሳላችሁ። የኮምፒውተር ሳይንስና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ የሆናችሁ ዘንድሮ ለአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ። አንድ ሕግ ብቻ ያዙ፦ የልጁን ማውስ አትንኩ። ልጁ ሲሳሳት እጃችሁ ይበላችኋል፤ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። መምህራን፣ ኮዲንግ አናውቅም ብላችሁ አትሽሹ፤ ገበጣ ታውቃላችሁ፣ ከልጆቹ ጋር እኩል ብትጀምሩ ማንም አይስቅባችሁም። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችም ይህን ሥልጠና ለዕጩ መምህራን ቢጨምሩት ከአምስት ዓመት በኋላ እንዲህ ያለ ጥሪ መጻፍ ባላስፈለገ።

ወላጆች፣ በተለይ የሴት ልጆች ወላጆች፣ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ማጠቡና ታናናሾቿን መጠበቁ እሷ ላይ ይወድቃል። እነዚያን ሦስት ሰዓታት ልቀቁላት። ክፍሉ ውስጥ ግማሹ ሴት ካልሆነ ጀመርን አንበል። የእድር ዳኞችም፣ አግዳሚ ወንበሩና ድንኳኑ ቅዳሜ ሥራ ፈትቶ ከዋለ ለልጆቹ ይሰጥ።

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሲያትል፣ በለንደን፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይ ያላችሁ ወገኖች፣ ለክረምት ስትመጡ ከሻንጣችሁ አንድ ጥግ ስጡን። አሥር ማይክሮቢት ከአንድ ጫማ ያነሰ ቦታ ይይዛል፤ ሦስት ሦስት ሆነው ለሠላሳ ልጅ ይበቃሉ። ላፕቶፕ ከላካችሁ ቻርጀሩ ይኑረው፣ የሚሠራም ይሁን፤ የሞተማ እዚሁ ሞልቶናል። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ትምህርት ቤቱን ምን እንደጎደለው ጠይቁ።

በጦርነትና በግጭት ምክንያት በሩ የተዘጋ ትምህርት ቤት ያለባቸው ወረዳዎች እንዳሉ አልረሳሁም። እዚያ የሚቀድመው በሩን መክፈት ነው፤ ለዚያ ሮቦት አያስፈልግም፣ ሰላም እንጂ። ተፈናቅለው ከእኛ ሰፈር የተጠጉትን ልጆች ግን በዚህ ቅዳሜ መጥራት ማንም አይከለክለንም። የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ባይኖራቸውም ይምጡ።

ስለዚህ ሥራው እንዲህ ይጀመር። ሦስት ሰዎች ፈልጉ፤ አንድ ወላጅ፣ አንድ መምህር፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። የአንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፉ፤ የስንተኛ ክፍል ልጆች፣ በየትኛው ክፍል፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ቁልፉን ማን ይረከባል። የወላጆቹን ስልክ መዝግቡ። ጠመኔ ግዙ። ከዚያ ሰኞ ጠዋት፣ ሰልፉ ሳይበተን፣ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ እንገናኝ።